ሲስተር እንጉዳይና የብሎን አናት

ስልኩ የተደወለው አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልክ አንስቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ስሙን ሳይ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። የደወለችው ሙሉ ናት፣ የሲስተር እንጉዳይ ታናሽ እህት። ሙሉ ያለ ጉዳይ አትደውልም።

"መምህር፣ እታለም አረፈች" አለችኝ።

"መቼ?"

"ጎህ ሲቀድ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትደርሳለህ?"

"እደርሳለሁ" አልኳት።

ከዳባት ደባርቅ ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ የጠበቅነው ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል። የገብሱን ማሳ በመስኮት እያየሁ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። "ውይ፣ ሲስተር! ሦስቱንም ልጆቼን የከተቡልኝ እሳቸው ናቸው" ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በደባርቅ ዙሪያ ሲስተርን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ የሚያውቃቸውም በመርፌያቸው ነው። እኔን ግን አንድም ቀን ወግተውኝ አያውቁም። እኔ የማውቃቸው በካቻቢቴያቸው ነው።

ደባርቅ ተመድቤ እንደሄድኩ የተከራየሁት ክፍል ከግቢያቸው ጋር በቆርቆሮ አጥር ይዋሰን ነበር። ታላቅ ወንድሜ በሥራ ምክንያት ርቆ ሲሄድ አንዲት አሮጌ የጃፓን መኪና "ጠብቅልኝ" ብሎ ትቶልኛል። መንዳት እችላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፊት መብራቷ ውስጥ ውሃ ገብቶ አምፖሉን ስላበላሸው ልፈታው ተነሳሁ። ከሱቅ የገዛሁት ባለ ኮከብ ካቻቢቴ ብሎኑ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ሲብስብኝ የሽንኩርት ቢላዋዬን አመጣሁ።

"መምህር፣ ምን እያረድክ ነው?" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

"መብራቷን ልፈታ ነው፣ ሲስተር።"

"በቢላዋ?"

"ካቻቢቴው እምቢ አለኝ።"

"ካቻቢቴው ምን በወጣው!" አሉና በበሩ ዞረው መጡ።

ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን አሳጥረው በሻሽ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ከሹራባቸው ኪስ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጡና ተንበርክከው የብሎኑን አናት ከጭቃው ያጸዱ ጀመር። ሲሠሩ የታችኛውን ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ እስኪጨርሱ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

"አናቱን አየኸው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አየሁት። መስቀል ነው።"

"ምን ዓይነት መስቀል?"

ሳቄ መጣ። "መስቀል ያው መስቀል ነው እንጂ፣ ሲስተር!"

እሳቸው አልሳቁም። ካቻቢቴዬን ተቀብለው ብሎኑ ላይ ሰኩት። "እየው። ያንተ ጫፉ ሹል ነው። የጃፓን ብሎን ግን ጉድጓዱ ይህን ያህል ጥልቅ አይደለም። ሹሉ ቀድሞ ከታች ይነካና ክንፎቹ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ስታዞረው ወደ ውጭ ይገፋሃል፤ ሲገፋህ ትናደዳለህ፤ ስትናደድ አናቱን ትበላዋለህ።"

ወደ ቤታቸው ተመልሰው አንድ የብረት ሣጥን ይዘው መጡ። የድሮ የመርፌ መቀቀያ ነው፣ ጤና ጣቢያው ሲጥለው ያነሱት። ውስጡ ነጭ ፋሻ ተነጥፎ አንድ እጀታና ብዙ ተቀያያሪ የካቻቢቴ ጫፎች ተደርድረውበታል። አንዷን መረጡ። ሹሏን በሞረድ ሞርደው ዱልዱም አድርገዋታል። እጀታው ላይ ተክለው ብሎኑ ውስጥ አስገቧትና እጃቸውን ለቀቁ። ካቻቢቴው ሳይወድቅ አግድም ተሰክቶ ቀረ።

"ሲገጥም እንዲህ ነው" አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ከእጀታው ኋላ አድርገው በትከሻቸው ተጫኑትና ጥቂት ዞር አደረጉት። ብሎኑ ጠቅ ብሎ ለቀቀ።

"ሰው ሁሉ ለማዞር ይቸኩላል። መጀመሪያ ተጫነው። ማዞሩ ይደርሳል።"

ቢላዋዬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ግቢ ነበርኩ። ሲስተር የሚኖሩት ከእናታቸው ጋር ነው። እናታቸው እማሆይ ወለተ ገብርኤል ዕድሜ የተጫናቸው መነኩሲት ናቸው፤ ፀሐይ ሲወጣ ግድግዳው ሥር ይቀመጡና በለሆሳስ እየጸለዩ ልጃቸው መኪና ሥር ስትገባና ስትወጣ ያያሉ። ሲስተርም እንደኔው አሮጌ የጃፓን መኪና ነበረቻቸው። ነጭ ናት፤ ስሟም "ነጭዋ" ነው። እንዴት የራሳቸው መካኒክ እንደሆኑ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"ድሮ ጋራዥ ወስጃት ነበር" አሉኝ። "ስረከባት ሞተሯ ደህና ነው። መንገድ ላይ ግን ዳሽቦርዷ እንደ ከበሮ ይመታል። ቤቴ አምጥቼ ብፈታው ግማሹ ብሎን የለም። ያለውም የሌላ መኪና ብሎን ነው፣ አናቱ ተበልቶ። መካኒኩን ብጠይቀው 'ይይዛል እኮ፣ ሲስተር' አለኝ። ይይዛል እኮ!"

እንደዚህ ቃል የሚጠሉት ቃል አልነበረም። ክፍሌ ውስጥ መጋረጃ በምስማር ስሰቅል እንኳ "ይይዛል" ካልኩ ዞር ብለው ያዩኛል። በዚያ አስተያየታቸው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር ከወንበሩ ይነሳ ነበር።

ጫፎቹን እንደ ሰው ነበር የሚጠሯቸው። "ትንሿን አቀብለኝ"፣ "ጠፍጣፏን መልሳት"፣ "ወፍራሟ የት ሄደች?" ይላሉ። የሚያምር ነገር አልነበራቸውም፤ አንዳንዷን ከገበያ፣ አንዳንዷን ጎንደር ስብሰባ ሲሄዱ ለቅመው ያመጧት ናት። አንድ ጊዜ ሳላይ በእጄ የመጣችልኝን ሰክቼ ልፈታ ስል እጄን ያዙኝ።

"ሰው ስትወጋ ደም ሥሩን ሳታይ ትወጋለህ?"

"እኔ ሰው አልወጋም፣ ሲስተር።"

"እሱስ ተመስገን ነው!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ወሬው እየተዛመተ ሰው ወደ ግቢያቸው መምጣት ጀመረ። አንድ ባለ ባጃጅ የካርቡራቶሩ ክዳን ብሎን እምቢ ብሎት መሮና ድንጋይ ይዞ መጣ። ሲስተር መሮውን ተቀብለው አጥሩ ላይ ሰቀሉትና "መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" አሉት።

"ሲስተር፣ ልፈታ ነው እንጂ ልበላ አይደለም እኮ!"

"ዘይት የነካው እጅ ይንሸራተታል። በሳሙና ታጠብ።"

ሰውዬው ቀዶ ሕክምና እንደሚገባ ሐኪም እስከ ክርኑ ታጠበ። ብሎኑ ሲፈታለት አላመነም፤ መልሶ አጥብቆ እንደገና ፈታው። ከዚያ በኋላ የሌላውን ሁሉ ባጃጅ እየጎተተ የሚያመጣው እሱ ሆነ፤ ገና ከበሩ "ታጠቡ!" እያለ የሚጮኸውም እሱ።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የሲስተር ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ብርድ ነው" ይሉ ነበር። መሪ መያዝ አላቃታቸውም፤ ካቻቢቴ መጫን ግን እየከበዳቸው መጣ። በዚያው ሰሞን የእማሆይ ሳል ጠናባቸው። የደባርቅ ውርጭ ስላልተስማማቸው ሙሉ ዘንድ፣ አዲ አርቃይ፣ ቆላ ወርደው እንዲከርሙ ተወሰነ። ሙሉ ያኔ እዚያ ትኖር ነበር።

በዋዜማው ሲስተር ጠሩኝ። "የነጭዋ የኋላ ቀኝ በር ይንቀጫቀጫል። መቆለፊያው የሚነክሰው ብረት ላልቷል። ሁለቱን ብሎኖች አጥብቅልኝ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመጣለሁ። የምትገባው ወፍራሟ ናት።"

ወፍራሟ ሣጥኑ ውስጥ ናት፣ ሣጥኑ ቤት ውስጥ ነው፣ ቤት ውስጥ እማሆይ ተኝተዋል። እሳቸውን ላለመቀስቀስ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው፤ ጓደኞቼ ኳስ ሊያዩ እየጠበቁኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ የራሴ ካቻቢቴ ነበረኝ። ያቺም የምታንስ ናት። የመጀመሪያው ብሎን እንደ ምንም ጠበቀ። ሁለተኛው ላይ ተንሸራተተች። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ተንሸራተተች። ሳልጫን አዞርኩ፣ ተናደድኩ፣ አዞርኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው መስቀሉ ጠፍቶ አፉ ክብ ሆኗል፣ መዳፌ ላይ የብረት ብናኝ አለ። ግራሶ ቀባሁበት። በሩን ዘጋሁት። ተዘጋ።

ሲስተር ሲመለሱ "ጠበቀ?" አሉኝ።

"ጠብቋል" አልኳቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር።"

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ለማውረድ ልረዳቸው አብሬያቸው ልሄድ ወጣሁ። እማሆይን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ በግራ በኩል አስቀምጠዋቸዋል። በቀኝ በኩል የድንችና የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል። ከቀኙ በር እጀታ ተነስቶ የፊተኛው ወንበር እግር ላይ የተቋጠረ ጠንካራ ገመድ አየሁ፤ ዕቃው እንዳይንሸራተት ያሰሩት መሰለኝ። ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ወደ እኔ ዞር አሉ።

"የረሳኸው ነገር አለ?"

"የለም" አልኳቸው።

ሊማሊሞን የወረደ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ሰማይ። ሲስተር በዝግታ ይነዳሉ፣ በሁለት እጃቸው። እማሆይ ከኋላ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ይላሉ። እኔ ጆሮዬ ሁሉ በሩ ላይ ነበር። በእያንዳንዱ ኩርባ ይንቀጫቀጫል። በእያንዳንዱ ኩርባ አሁን እናገራለሁ እላለሁ፤ ኩርባው ሲያልፍ እተወዋለሁ።

ወደ ግራ በምትታጠፍ አንዲት ጠባብ ኩርባ ላይ በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ተምዘግዝጎ ገባ። እማሆይ "እግዚኦ!" ብለው ጮኹ። አንዱ ጆንያ ወደ በሩ ተንከባለለ። ገመዱ ተወጠረና በሩ ከአንድ ክንድ የማይሰፋ ከፈት ብሎ ቆመ። በክፍተቱ ሥር አስፋልቱ ሲሮጥ ታየኝ፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ግን ምንም የለም።

ሲስተር አልደነገጡም። ቀስ ብለው ፍሬን ያዙ፣ የጭነት መኪኖች የሚያርፉበት ሰፋ ያለ ቦታ ደርሰው ቆሙ። ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። እኔም ወረድኩ።

"ሲስተር" አልኳቸው፣ "ትናንት ብሎኑን በላሁት። በራሴ በትንሿ ካቻቢቴ ነው የሞከርኩት። ጠብቋል ያልኩዎት ውሸቴን ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጠዋት። አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ወጋኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"እኔ ገመዱን አሰርኩ። የቀረው ያንተ ነበር። ስጠብቅህ ነው የመጣሁት።"

እሳቸውም ወደ እማሆይ ሄደው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። እማሆይ ፊታቸው አመድ መስሎ መቁጠሪያቸውን ጨብጠዋል። ሲስተር ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ወደ እኔ ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

"እኔም አጥፍቻለሁ" አሉ። "እቤት ነው ልጠይቅህ የሚገባኝ። እናቴን ገደል አፋፍ አምጥቼ አንተን ልፈትን! ምን ነካኝ?" ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጀርባ ጠረጉ። ሲስተር ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሣጥኑን አስከፈቱኝ። ወፍራሟን ራሳቸው መርጠው ሰጡኝ። የብሎኑን አናት በጨርቅ ጠረግኩ። ከመንገዱ ዳር ደቃቅ አሸዋ በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው ጉድጓዱ ውስጥ ነሰነሱ፤ እንዳይንሸራተት ነው። "አሁን ሰክተህ ከኋላዋ በድንጋይ ሁለት ጊዜ ምታት። ትቀመጥ።" መታኋት። ወፍራሟ የኔዋ ትንሿ ያልነካችውን የመስቀሉን ዳር አገኘች፤ ስትቀመጥ በእጄ ተሰማኝ። ሲስተር የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ፤ መንቀጥቀጡ ወደ ክንዴ አለፈ።

"ተጫን። ገና ነው። ተጫን። አሁን።"

ብሎኑ ዞረ። እስከ መጨረሻው ጠበቀ። የመጀመሪያውንም ደገምኩት፤ እሱም ሩብ ዙር ያህል ገባ። በሩን ዘጋሁት። የዘጋው ድምፅ ሌላ ነበር፣ ድፍን ያለ። ሲስተር ግን ገመዱን ሳይፈቱ ነው አዲ አርቃይ የገባነው። እማሆይ በመንገዱ ሁሉ አላናገሩንም፣ ሁለታችንንም። ሙሉ ቤት ደርሰን ሲወርዱ ነው "አንተ ልጅ፣ ከዛሬ ወዲያ ያጠፋኸውን ቶሎ ተናገር" ያሉኝ። ወደ ሲስተርም ዞረው "አንቺም ቶሎ ጠይቂ" አሏቸው።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ ከዚህ በኋላ መኪናቸውን አያስነኩኝም ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከአጥሩ ማዶ "መምህር፣ የዝናብ መጥረጊያዋ ጨርሶ ረግቧል፣ ና እንጂ!" ሲሉኝ ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው እያዩ እኔ የምሠራባቸው ዓመታት መጡ። እማሆይ አዲ አርቃይ ሳሉ አረፉ። ሲስተር ጡረታ ወጡ። ሙሉ ልትረዳቸው ወደ ደባርቅ መጣች፤ እኔ ወደ ዳባት ተዛወርኩ። መሪ መያዝ ሲያቅታቸው ነጭዋን ለአንድ ድንች ነጋዴ ሸጡ። የርክክቡ ዕለት ነበርኩ። የመኪናዋን ሕመም ሁሉ አንድ በአንድ ለሰውዬው ነገሩት፣ በመጨረሻም ያን የብረት ሣጥን አንስተው ሰጡት። እኔ ሣጥኑን ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ ልቤ ቆርጦ ነበር። ፊቴ ላይ ታየ መሰለኝ።

"የሷ ነው" አሉኝ። "ለሷ ብሎን ነው የሞረድኳቸው። አንተ ለራስህ መኪና የሚሆነውን ፈልገህ ግዛ።"

ለጥቂት ቀን ከፋኝ። ከዚያ ገዛሁ።

ቀብራቸው ላይ የነበረው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሙሉ እስክታየኝ ጠብቄ ተጠጋኋት። "ባለፈው በመምጣትህ ደስ ብሏት ነበር" አለችኝ። ያን "ባለፈው" ነው እስከ ዛሬ የማስበው።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ሙሉ ገበያ ወጥታለች። ሲስተር ለቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ነጭ ለብሰው፣ ከላይ ሹራባቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ቆመዋል። የሹራቡን ቁልፎች ለመቆለፍ እየታገሉ ነው። ቁልፉን ይይዙታል፣ ከቀዳዳው ጫፍ ያደርሱታል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥና ያመልጣቸዋል። እንደገና ይይዙታል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ልርዳዎት ማለት ፈራሁ። ሲስተር ሰው እንዲረዳቸው የጠየቁት ለመኪናቸው እንጂ ለራሳቸው አልነበረም።

"ና እስቲ፣ ቆልፍልኝ" አሉኝ ሳያዩኝ።

ተጠግቼ ከላይ ጀመርኩ። ሁሉንም ቆልፌ ስጨርስ አንድ ቁልፍ ተረፈ። ሲስተር ጎንበስ ብለው አዩትና ሳቃቸው መጣ፤ ያ የሚያስላቸው ሳቅ። "እንዴት ያለህ መምህር ነህ! በል ፍታና ከታች ጀምር።" ፈትቼ ከታች ጀመርኩ። አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደ ሕፃን ጠበቁኝ። ስጨርስ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። "ተባረክ" አሉኝ።

ክንዴን ይዘው ነበር የሄድነው። ከዚያ በፊት ይዘውኝ አያውቁም። በመንገዱ ሰው ሁሉ "ሲስተር፣ እንዴት አደሩ?" ይላቸዋል፤ እሳቸው ለእያንዳንዱ ቆመው ይመልሳሉ፣ የልጁን ስም ይጠይቃሉ። አጭሩ መንገድ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። ከቅጽሩ በር ስንደርስ ቅዳሴው ገና አላበቃም።

"ግባ፣ አብረን እናስቀድስ" አሉኝ።

"መኪና ያመልጠኛል፣ ሲስተር" አልኳቸው። "በሌላ ቀን።"

"እሺ፣ በሌላ ቀን" ብለው በሩን ተሳልመው፣ በግንቡ እየተደገፉ ገቡ።

መኪናው አላመለጠኝም። ዳባት በጊዜ ገባሁ። የቀረውን ቀን ምንም የምሠራው አልነበረኝም።